ዕለቱን የሚደርስ ፎቶ

ቅጽበታዊ ካሜራ ፎቶ አንስቶ እዚያው በቆሙበት የታጠበ ፎቶ የሚያስረክብ ካሜራ ነው። ፊልሙ ራሱን በራሱ ስለሚያጥብ ጨለማ ክፍልም፣ ኮምፒውተርም፣ የፎቶ ቤት ቀጠሮም አያስፈልገውም። ብዙ ሰው «ፖላሮይድ» የሚለው በመጀመሪያው አምራች ኩባንያ ስም ነው። ዛሬ ገበያውን የያዘው ግን የጃፓኑ ፉጂፊልም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ኢንስታክስ ነው። የትንሹ ኢንስታክስ ፎቶ ከነነጭ ጠርዙ 86 በ54 ሚሊሜትር፣ ማለትም የኤቲኤም ካርድ ያህል ሲሆን ምስሉ ብቻውን 62 በ46 ሚሊሜትር ነው።

ፎቶን በቆሙበት አጥቦ መስጠት ከዚህ ፊልም በፊትም ይሠራበት ነበር። በሦስት እግር ላይ የሚቆመው የእንጨት ሳጥን ካሜራ ሆዱ ጨለማ ክፍል ነው። አንሺው በጨርቅ እጅጌ በኩል እጁን አስገብቶ ወረቀቱን በመድኃኒት ያጥባል፤ የወጣውን ኔጋቲቭ መልሶ ፎቶ በማንሳት ትክክለኛውን ምስል ያገኛል፤ በባልዲ ውኃ አለቅልቆም ያስረክባል። ሥራው ብልሃት ይጠይቃል፤ ከጥቁርና ነጭ ግን አያልፍም።

መላውን የማጠብ ሥራ ወደ ፊልሙ ውስጥ የከተተው አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የሦስት ዓመት ልጁ «የተነሳሁትን ፎቶ አሁኑኑ ለምን አላየውም?» ብላ ብትጠይቀው ሐሳቡ እንደመጣለት ተናግሯል። የካቲት 1947 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ለሳይንቲስቶች አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር የመጀመሪያው ካሜራ ቦስተን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። ቀለም ያለው ፊልም በ1963፣ ሳይላጥ ራሱን አጥቦ የሚጨርሰው ፊልም ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. ወጡ።

የፊልሙ አሠራር ከስስነቱ ጋር ሲታይ ያስደንቃል። በአንዲት ወረቀት ውስጥ ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ብርሃን የሚነቁ ሦስት የብር ውሁድ ንብርብሮች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን ቀለም ተቀምጧል። በፖላሮይድ ፎቶ ላይ ሰፋ ብሎ በሚታየው ነጭ ጠርዝ ውስጥ ወፍራም የአልካሊ መድኃኒት የያዘች ከረጢት አለች። ፎቶው ሲወጣ ሁለት ሮለሮች ይጨምቁትና ከረጢቷ ፈንድታ መድኃኒቱ በንብርብሮቹ መካከል እኩል ይሠራጫል። ብርሃን የነካው ቦታ ቀለሙን እዚያው ይይዘዋል፤ ብርሃን ያልነካው ደግሞ ቀለሙን ወደ ላይ ይለቃል፤ ምስሉ የሚሠራው ወደ ላይ በወጣው ቀለም ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ያለ ልዩ ማቅለሚያ ሥራው እስኪያልቅ ብርሃን እንዳይገባ ይከላከልና በኋላ ራሱ ይጠፋል። የኢንስታክስ ኬሚስትሪ በዝርዝሩ ቢለይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ኢንስታክስ በ90 ሴኮንድ ገደማ፣ የዛሬው ባለ ቀለም ፖላሮይድ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ፎቶውን ማርገብገብ ምንም አይጠቅምም፤ ልማዱ የመጣው ተልጦ መድረቅ ከነበረበት ከድሮው ፊልም ነው።

ፖላሮይድ በብዙ አገር የታወቀው ለመዝናኛ ብቻ ሳይሆን ለጉርድ ፎቶም ነው። ባለ አራት ሌንሱ ካሜራ በአንድ ጠቅታ አራት ጉርድ ያወጣል፤ ኔጋቲቭ ስለሌለው ግን አምስተኛ ቅጂ የለም። ይህ ፍጥነት ለክፉም ውሏል። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት የጥቁሮችን የይለፍ ደብተር ፎቶ በፖላሮይድ ያስነሳ ነበር። የኩባንያው ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊሊያምስ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ አስነሱ፤ ኩባንያውም በ1977 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ወጣ።

በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ፎቶን ከደስታ ይልቅ የግድ ያደረገው የመንግሥት ወረቀት ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌ ሲቋቋም የመታወቂያ ጉርድ ተከተለ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ እንዲለጠፍ ተደረገ። የሚስት ፎቶ በደብተሩ ላይ መኖሩ ስለ መሬት መብት ከተነገረው ብዙ ንግግር የበለጠ የሚጨበጥ ማስረጃ ነው። ሦስት በአራት የሆነችው ጉርድ ሥራዋ እዚያም አያበቃም። ሰው ሲሞት ሌላ ፎቶ ከሌለው፣ ለቅሶ ላይ የሚያዘው ትልቅ ምስል ከዚያችው ጉርድ የሚሠራ ነው።

ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ጉርድ ለማውጣት ቅጽበታዊ ፊልም ያስፈልጋል ማለት አይቻልም። ዲጂታል ካሜራና የቀለም ማተሚያ በአንድ ወረቀት ላይ ስምንትና ከዚያ በላይ ጉርድ በርካሽ ያወጣሉ፤ ፋይሉም ለሌላ ቀን ይቀመጣል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ ፎቶውን የሚያነሳው ምዝገባው ላይ በራሱ መሣሪያ ነው። ፖላሮይድም በ2008 እ.ኤ.አ. ፊልም ማምረት አቁሞ ነበር፤ ፊልሙ በ2010 እ.ኤ.አ. የተመለሰው የቀድሞ ሠራተኞቹ የተሳተፉበት ቡድን ኔዘርላንድስ ያለውን ፋብሪካ አድኖ ነው።

ቅጽበታዊ ፎቶ አሁንም የሚረባው ሌላ ቦታ ነው። በሠርግ ወይም በክርስትና ከከተማ የመጣ አንሺ ሃያ ሰላሳ ሰው አንስቶ ሲሄድ ፎቶው አብሮት ይሄዳል። ሽማግሌው ፎቶዬን ልውሰድ ብለው ገበያ ቀን ፎቶ ቤት ደጅ ይጠናሉ፤ አንዳንዱም ሳይወስደው ይቀራል። በስልክ ይላክ ቢባል ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ደግሞ ስልክ ያለውም አልተረፈም። ቅጽበታዊው ፎቶ ግን የተነሳው ሰው እጅ ላይ ይቀራል፤ በገጠር ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶ በአንድ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ከሚሰቀልበት ፍሬም ውስጥም ልኩ ነው።

ለዚህ ሥራ ከካሜራው ይልቅ ትንሹ ማተሚያ ሳይሻል አይቀርም። ኢንስታክስ ሚኒ ሊንክ የተባለው ማተሚያ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን በስልክ ከተነሱት መካከል የተመረጠውን በብሉቱዝ ተቀብሎ እዚያው ፊልም ላይ በብርሃን ያትማል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ቻርጅ የሚደረገው በዩኤስቢ ስለሆነ ስልክ የሚሞላ የሶላር መብራት ይበቃዋል። ዋናው ጥቅሙ ዓይን የጨፈነ ሰው ፊልም አለማቃጠሉ ነው። በተራው ኢንስታክስ ሚኒ 12 ግን አንዴ ከተጫነ ፊልሙ ሄደ።

ፊልሙ ደግሞ ውድ ነው። አንዱ ፎቶ በውጭ ገበያ ከ0.75 እስከ አንድ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይፈጃል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ማለት በትንሹ መቶ ብር ገደማ ነው፤ ትርፍና ማጓጓዣ ሳይጨመር። ስለዚህ አንሺው ለሁሉም ሳይሆን ለሙሽሮቹ፣ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች ብቻ ቢያወጣው ያዋጣዋል።

አያያዙም ጥንቃቄ ይሻል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወይናደጋ አየር ለኢንስታክስ ይስማማዋል፤ አምራቹ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈቅዳል። ፊልሙን ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ያበላሸዋል። የታጠበውም ፎቶ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ይደበዝዛል፤ የምድጃ ጢስም አይስማማውም። ከውጭ ዘመድ ፊልም ሲያመጣ በሻንጣ ውስጥ ከማስጫን በእጅ ይዞ፣ በኤክስሬይ እንዳያልፍ ፈታሹን ቢለምን ይሻላል፤ ፊልሙ ለብርሃን እጅግ ንቁ ስለሆነ ጠንካራው ማሽን ያበላሸዋል። ሲገዛም የማብቂያ ቀኑ ይታይ። ይህን ሥራ ለገቢ የሚያስብ ሰው ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ለአንድ የሠርግ ወቅት የሚበቃ ፊልም ከየት፣ በስንት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያረጋግጥ።