«ኩላሊት ያጸዳል» የተባለው ዱቄት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት አባቷን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። አባትየው የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን ታይቷል፤ ክሬአቲኒናቸውም ከፍ ማለት ጀምሯል። ሐኪም «ኩላሊት» የሚለውን ቃል ሲያነሣ ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይብሉ?» ብሎ ነው። ልጅቷ ግን መልሱን በስልኳ ይዛ ነበር የመጣችው። ከአውስትራሊያ የሚመጣ የፍራፍሬ ዱቄት ነው፤ ማስታወቂያው «የጥንት ሕዝቦች ምስጢር፣ ኩላሊትን ያጸዳል» ይላል። «ወንድሜ ከውጭ ሊልክልን ነው ዶክተር፣ ይጠጡት?» አለችኝ።

አይጠጡት አልኳት። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ስለነበር ምክንያቱን በወጉ አላስረዳኋትም፤ እዚህ ልሞክር።

ፍሬው በእርግጥ አለ። ካካዱ ፕለም ይባላል፤ በሰሜን አውስትራሊያ በዱር የሚበቅል ትንሽ፣ አረንጓዴና ኮምጣጣ ፍሬ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂናሎች፣ ከጥንት ጀምሮ ይበሉታል። በቫይታሚን ሲ ይዘቱም ከሚታወቁት ፍራፍሬዎች ከፊተኞቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። ይሁንና ከዛፍ የተለቀመ ጥቂት ፍሬ መብላትና የብዙ ፍሬ ጭማቂ ተጠራቅሞ የደረቀበትን ዱቄት በየቀኑ መውሰድ አንድ አይደሉም። ሰውነት ከሚፈልገው በላይ የገባ ቫይታሚን ሲ ከፊሉ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ኦክሳሌትን የሚያስወግደው ደግሞ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ኦክሳሌቱ እዚያው ተጠራቅሞ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ሲ እንክብልም የምከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስታወቂያው ያልተናገረው ሌላም ነገር አለ። የ«ምስጢሩ» ባለቤቶች የተባሉት አቦርጂናሎች ዛሬ በኩላሊት ሕመም ክፉኛ ከተጎዱ ሕዝቦች መካከል ናቸው። ሩቅ በሆኑ መንደሮቻቸው ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ሰው ብዛት ከሌላው አውስትራሊያዊ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለምን ቢሉ፣ ታሪኩ ብዙ ነው። ቀድሞ ካንጋሮ፣ ዓሣ፣ ትልልቅ እንሽላሊት፣ የዱር ቦዬ፣ ሾላ፣ የግራር ዘር ቆልቶና ፈጭቶ፣ አልፎ አልፎም የዱር ማር ይበላ የነበረ ሕዝብ ነው። ያንን ሁሉ ለማግኘት ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሄድ፣ መቆፈር፣ ማደን ነበረበት። ከመሬቱ ተነቅሎ በከብት እርባታ ጣቢያና በሚሲዮን ዙሪያ ሲሰፍር ራሽን ተተመነለት፦ ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና በጨው የተያዘ ሥጋ። ከዚያ በኋላ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ተከተሉ፤ ኩላሊትን በዋናነት የሚያበላሹትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ምግብ ብቻውን ነው ማለቴ አይደለም። ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ኩላሊቱ ያለው የማጣሪያ ብዛት ያነሰ ይሆናል፤ በልጅነት የሚደጋገም የቆዳ ቁስልም ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለቱም የድህነት ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ኬሪን ኦዲ የተባሉ አውስትራሊያዊት ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። በምዕራብ አውስትራሊያ ደርቢ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው 10 አቦርጂናሎች ለ7 ሳምንታት ወደ ቀድሞ ርስታቸው ተመልሰው አድነውና ለቅመው የሚያገኙትን ብቻ እየበሉ ኖሩ። ሲመለሱ በአማካይ 8 ኪሎ ቀንሰዋል። ሳይበሉ የሚለካው የደም ስኳራቸው ከ209 ገደማ ወደ 119 ወርዷል። የደም ቅባታቸውም በጣም ቀንሷል። ጥናቱ የ10 ሰው ነው፤ የለካውም ኩላሊትን ሳይሆን ስኳርና ቅባትን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልዘረጋውም። ነገር ግን ለውጡን ያመጣው አንድ ፍሬ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ስብ የሌለው የዱር ሥጋ፣ ጨውና ስኳር ያልተጨመረበት ምግብ፣ መጠኑ ያነሰ መብልና የእግር ጉዞ አንድ ላይ ሆነው ነው። ይህን ሁሉ በጣሳ አሽጎ መሸጥ ስለማይቻል ይመስለኛል ዱቄቱ ብቻ የሚሸጠው።

ኩላሊቱ ጨርሶ ሥራ ሲያቆም ግን ሕጉ ይለወጣል። በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ «ፐርፕል ሃውስ» የሚባል በአቦርጂናሎች የሚመራ የኩላሊት እጥበት ድርጅት አለ። የምዕራብ በረሃ ሠዓልያን እ.ኤ.አ. በ2000 ሥዕሎቻቸውን ሲድኒ ላይ በጨረታ ሸጠው ከ1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ በማግኘታቸው የተጀመረ ነው። ከዚያ በፊት የኪንቶር መንደር ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ለመታጠብ ሲል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዘመድ አዝማዱን ትቶ ከተማ መኖር ነበረበት። በ2004 እጥበቱ ራሱ ኪንቶር ድረስ ሄደ። እዚያ የካንጋሮ ጭራ በእሳት ተጠብሶ ለታካሚዎች ይቀርባል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ስለሚያጣ ሥጋ ያስፈልገዋል፤ የለመደውን ሲያገኝ ደግሞ ይበላል። ገና እጥበት ያልጀመረ ሰው ግን ሥጋ እንዳያበዛ እንመክረዋለን። ሁለቱን የሚያምታቱ ቤተሰቦች በየጊዜው ያጋጥሙኛል።

ፖታሲየምም እንዲሁ ነው። ለጤነኛ ሰው አትክልትና ፍራፍሬ ይብዛልዎ እላለሁ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ግን ፖታሲየምን በሽንት ማስወጣት ያቅተዋል፤ በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ድንችና ቲማቲም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። «ለጤና» ተብሎ በየጠዋቱ የሚጠጣ ትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጭማቂ ለእንዲህ ያለ ሰው አደጋ ነው። ድንችን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል። ጨው ለመተው ብለው «የጨው ምትክ» የሚገዙም አሉ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፖታሲየም ስለሆነ አይግዙ። ማን ምን ያህል ይብላ የሚለው የሚወሰነው በደም ምርመራ ነው፤ ከጎረቤት ዝርዝር አይቀዳም።

የልጅቷ አባት ገና እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሱም። ፖታሲየማቸው ደህና ነው፤ ሙዛቸውን አልከለከልኳቸውም። የነገርኳቸው፦ ስኳራቸውንና ግፊታቸውን በመድኃኒት መቆጣጠር፣ ለስላሳ መጠጥ መተው፣ ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመግዛት መቆጠብ፣ በየዕለቱ በእግር መሄድ፣ ጨውን በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ ነው። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት አንባቢም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሽንት ፕሮቲንና ክሬአቲኒን ይመርመር፤ ኩላሊት ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ሕመም አይሰማውም።

«ጨውማ ከተውኩ ቆየሁ» አሉ አባትየው። ልጅቷ ግን ቀና ብላ አየቻቸው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮው ሲፈጭም እንዲሁ፤ ወጡ ላይ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። የሚቀጥለውን በርበሬ ያለ ጨው ልታስፈጭ፣ ለወንድሟም ዱቄቱን ትቶ የግፊት መለኪያ እንዲልክ ልትነግረው ተስማምተን ወጡ። ቀጠሯቸው ከወር በኋላ ነው።