የእንግሊዝ አገር የእህል ሕግና ሁለቱ ማኅበሮች

ሕግ የሚያወጣው ማን ነው? «መንግሥት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ወደ ባለሥልጣን ቤት የሚመላለስ ሰው አለ። በምርጫ ጊዜም «እከሌን ምረጡ» እያለ የሚዞር አለ። ይህ ሰው ብቻውን አይደለም። ከኋላው ጥቅማቸው አንድ የሆነ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ «ሕጉ እንዲህ ይሁንልን» ብለው ሲነሡ የጥቅም ቡድን ይባላሉ። ነጋዴዎች፣ ሠራተኞች ወይም ገበሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገሩን ለመረዳት አንድ የእህል ታሪክ እንይ። እህልን እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁና። ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ነው። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የባለመሬቶች ሕግ

በ1815 የእንግሊዝ ፓርላማ የእህል ሕግ አወጣ። ከሁለት ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ የአገር ውስጥ ስንዴ ዋጋው 80 ሽልንግ ሳይደርስ የውጭ ስንዴ ገበያ እንዳይገባ ከለከለ። ሕጉ በ1828 ተሻሻለ። ክልከላው ቀርቶ ቀረጥ ተተካ። የአገር ውስጥ ስንዴ ሲረክስ በውጭ ስንዴ ላይ ያለው ቀረጥ ይጨምር ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? በፓርላማው የሚበዙት ባለመሬቶች ነበሩ። ስንዴ ሲወደድ የመሬት ኪራይም ይወደዳል። ዳቦ የሚገዛው የከተማ ሠራተኛ ግን ተጎዳ። አብዛኛው ሠራተኛ ደግሞ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ሴቶችማ ጨርሶ አይመርጡም ነበር።

የፋብሪካ ጌቶች ማኅበር

በ1839 የእህል ሕግ ተቃዋሚዎች ማኅበር ተቋቋመ። ዋና ቦታው ማንቸስተር የምትባል የጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። የታወቁት መሪዎች ሪቻርድ ኮብደንና ጆን ብራይት በጨርቅ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄያቸው ሕጉ ይሰረዝ፣ ድሀው ዳቦ በርካሽ ያግኝ የሚል ነበር። የራሳቸውም ጥቅም ነበረበት። የውጭ አገር ሰው ስንዴውን እንግሊዝ ከሸጠ፣ በገንዘቡ የእንግሊዝን ጨርቅ ይገዛል።

ታዲያ እንዴት ሠሩ?

አንደኛ፣ ገንዘብ አዋጡ። በአንድ ጊዜ 50,000 ፓውንድ ለመሰብሰብ ተነሡ።

ሁለተኛ፣ ተናጋሪዎችን በየከተማው ላኩ። ጽሑፍ እያተሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ወረቀት በተኑ።

ሦስተኛ፣ የመራጮችን መዝገብ ያዙ። በገጠር ወረዳዎች በዓመት 40 ሽልንግ የሚያስገኝ የራሱ መሬት ወይም ቤት ያለው ወንድ መምረጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ደጋፊዎቹን «እንዲህ ያለ ንብረት ገዝታችሁ ተመዝገቡ» ይላቸው ነበር። የተቃዋሚዎችን ስም ደግሞ ከመዝገብ ለማስወጣት ይከራከር ነበር።

አራተኛ፣ ራሳቸው ተመረጡ። ኮብደን በ1841፣ ብራይት በ1843 ፓርላማ ገቡ።

ባለመሬቶችም ዝም አላሉም። በ1844 የእርሻ ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ። እነርሱም «የቆምነው ለገበሬው ነው» ይሉ ነበር። ምርጫው ደግሞ በሰው ፊት፣ በአፍ ነበር። መሬት የተከራየ ገበሬ ማንን እንደመረጠ ባለመሬቱ ያውቃል። ገበሬው መሬቱን እንዳይነሣው ይፈራል። ምርጫ በምስጢር የሆነው በ1872 ነው።

በ1845 በአየርላንድ ድንቹን በሽታ አጠፋው። ብዙ ድሀ የሚኖረው በድንች ነበርና ትልቅ ረኃብ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል የእህሉ ሕግ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። በ1846 የፓርላማው የሕዝብ ምክር ቤት በ327 ድምፅ ለ229 ተቀበለው። የፒል ፓርቲ ግን ለሁለት ተከፈለ። እርሱም በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደ።

ሠራተኞቹስ?

ሠራተኞችም ተሰብስበው ነበር። ቻርቲስቶች ይባላሉ። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ ይምረጥ፣ ምርጫውም በምስጢር ይሁን አሉ። በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ለፓርላማ አቀረቡ። ፓርላማው በ287 ድምፅ ለ49 አልቀበልም አለ። ፊርማው ብዙ ነበር። ከፈራሚዎቹ የሚበዙት ግን ድምፅ አልነበራቸውም፤ ገንዘብም የላቸው። የፋብሪካ ጌቶቹንም በሙሉ ልብ አላመኗቸውም። «ዳቦ ሲረክስ ደመወዛችንን ሊቀንሱ ነው» የሚሉ ነበሩ።

እኛስ ምን እንማራለን?

መሰባሰብ በራሱ ክፉ አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? ያልተሰበሰበ ሰው ብሶቱ አይሰማም። ነገር ግን ሁለቱም ማኅበሮች በሌላ ሰው ስም ይናገሩ ነበር። አንዱ በድሀው፣ ሌላው በገበሬው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ለእናንተ ነው የቆምነው፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» ቢላችሁ ጠይቁት። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው? ሕጉ ቢወጣ ማን ያገኛል? ማንስ ያጣል?

ትናንት በማያውቁት ወረቀት ላይ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የፈረሙ ብዙ ናቸው። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ወረቀቱን ተቀብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ አስረዱን በሉ። ከዚያ በኋላ መፈረምም፣ አለመፈረምም የእናንተ ፈንታ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስንዴ ሲወደድ ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ?
2. የሠራተኞቹ 3 ሚሊዮን ፊርማ ለምን አልሠራም?
3. ምርጫ በምስጢር መሆኑ መሬት ለተከራየው ገበሬ ምን ይጠቅመዋል?