በእንጨት ሥዕል የሣለው አናጢ

ኮሞዲኖ የሚለውን ቃል ከመካከላችሁ የማያውቅ የለም፤ ከአልጋ ራስጌ የምትቀመጠው ትንሽ ባለ መሳቢያ ዕቃ ናት። ቃሉ የመጣው ከኢጣልያንኛ ነው። በአገሩ ደግሞ የኮሞዲኖ ታላቅ የሆነ፥ ኮሞ የሚባል፥ ልብስ የሚቀመጥበት ሰፊ ባለ መሳቢያ ዕቃ አለ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት የኮሞን ፊት እንደ ሥዕል ሸራ ስለ ቈጠረ አንድ አናጢ ነው።

ሰውየው ጁዜፔ ማጆሊኒ ይባላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1738 ዓ.ም. በሚላኖ አጠገብ በምትገኘው በፓራቢያጎ ተወለደ። በዚያው ዓመት በኔፕልስ አካባቢ፥ በእሳተ ገሞራ ተቀብራ የኖረችው የኤርኮላኖ ከተማ ትቈፈር ጀመር፤ በ1748 ዓ.ም. የፖምፔይ ተራ ሆነ። ከመሬት የወጣው የጥንት ሮማውያን ሥዕልና ዕቃ የመኳንንቱን ዓይን ስለ ማረከ፥ ቀድሞ ይጠማዘዝ የነበረው የጠረጴዛ እግር ቀጥ አለ፤ ተነፍቶ የነበረውም የኮሞ ሆድ ገባ። ኒዮክላሲክ የሚባለው ስልት ይህ ነው።

ማጆሊኒ ሙያውን የጀመረው በከተማው በነበረው የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳም ነው። እንደሚነገረው፥ ሠዓሊው ጁዜፔ ሌቫቲ የእጁን ሥራ አይቶ ስለ ተደነቀ ከማርኬዝ ፖምፔኦ ሊታ ጋራ አስተዋወቀው። በ1771 ዓ.ም. የእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ልጅ አርኪዱክ ፌርዲናንዶ በሚላኖ ሲያገባ፥ ለሠርጉ ከተጠሩት ባለሙያዎች አንዱ ይኸው የፓራቢያጎ አናጢ ነበር። ኋላም የቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥዕል ሠሪ ለመባል በቃ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የኮሞው አካል ከተራ እንጨት ይሠራል። ከዚያ ውድ የሆነው እንጨት በእጅ መጋዝ እየተሰነጠቀ እንደ ስስ ቅጠል ይወጣል። ኮምፔርሳቶ ሲላጥ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሥዕሉ በወረቀት ይነደፍና ቅጠሉ በንድፉ መስመር፥ ክር በሚያህል መጋዝ ይቈረጣል። ጥላ ያስፈለገ እንደ ሆነ ቍራጩን በጋለ አሸዋ ውስጥ ነከር ማድረግ ነው፤ ጫፉ ቀስ በቀስ ይጠቍራል፤ ጥቂት ከዘገየ ግን ይከስላል። በመጨረሻ ቍራጮቹ ሁሉ በአካሉ ላይ ጐን ለጐን ገጥመው ከቈዳና ከአጥንት በተፈላ ኮላ ይለጠፋሉ። (ኮላ የሚለውም ቃል የኢጣልያ እንግዳችን ነው።) ከተፋቀና ከተወለወለ በኋላ እጅ ቢያሳልፉበት መጋጠሚያው አይታወቅም።

የማጆሊኒ ትልቁ ብልሃት ግን በቀለሙ ላይ ነው። እንጨት ማቅለም የታወቀ ነገር ሳለ፥ እርሱ በአብዛኛው የመረጠው ተፈጥሮ የሰጠችውን መልክ ነበር፤ ጥቍሩን ከዞጲ፥ ቀዩን ከማሆጋኒ፥ ባለ ጅማቱን ከወይራ ያገኘዋል። ሰማንያ ስድስት ዓይነት እንጨት ይጠቀም ነበር ይባላል። በኮሞው ፊት መካከል በክብ ውስጥ የምትታየው ሴት፥ ጕንጯም ልብሷም እንጨት ነው። መሳቢያዎቹም ሥዕሉ እንዳይቋረጥ ሆነው ስለሚገጥሙ፥ ዕቃው መሳቢያ ያለው አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። ከንድፎቹ ብዙዎቹ የሌቫቲና የአንድሬያ አፒያኒ ሥራ ናቸው። እንግዲያውስ የሥዕሉ ባለቤት ማን ነው? ሠዓሊው ነው የሚሉ አይጠፉም። እኔ ግን አልስማማም። ወረቀት ጅማት የለውም፤ ለጕንጭ የሚሆነውን ቍራጭ ከመቶ ቅጠል መካከል የሚለየው አናጢው ነው። በእኛም ዘንድ የባለ እጁን ሥራ ወስዶ ስሙን አለመጠየቅ የቈየ ልማድ ነውና፥ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

በ1796 ዓ.ም. የናፖሌዎን ጦር ሚላኖ ሲገባ አርኪዱኩ ሸሸ፤ የማጆሊኒም ትልቁ ደንበኛ አብሮ ሄደ። ኋላ ለአዲሶቹ ጌቶች፥ ለምክትል ንጉሡ ለኤውጄኒዮ ቤተ መንግሥት ጭምር ሠራ። በ1814 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ካርሎ ፍራንቼስኮና ደቀ መዝሙሩ ኬሩቢኖ ሜዛንዛኒካ ሥራውን ቀጠሉ።

ስሙን የጻፈው በጥቂት ዕቃዎች ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር የተሠራ ባለ ሥዕል ኮሞ ሁሉ በገበያ ማጆሊኒ ሲባል ኖሯል። ደግነቱ የቤቱ ንድፎች በብዛት በሚላኖ፥ በስፎርዛ ግንብ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ተጠራጣሪ ሰው ዕቃውን ከወረቀቱ ጋራ ያስተያያል።

ከዕቃዎቹም የተወሰኑት በዚያው ግንብ ይታያሉ። ዕድል ገጥሟችሁ ብታዩአቸው ግን ያ ሁሉ ለስላሳ ቡናማ መልክ እንዳያታልላችሁ። ብርሃን የእንጨት ጠላት ነው። ሐምራዊው ቡናማ ሆኗል፤ ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ በመካከላቸው የነበረውም ልዩነት ደብዝዟል። ስለዚህ የተከፈተ የጽሕፈት ጠረጴዛ ካገኛችሁ ዝቅ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ መዝጊያው ከፀሐይ ጋርዶ ባቈየው ስፍራ ቀለሙ አናጢው እንደ ተወው ያህል ነው።