ብራናን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

የብራና መጽሐፍ በእሳት ወይም በእርጥበት ቢጠፋ፥ ቃሉ የሚተርፈው አስቀድሞ የተገለበጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ የያዘ ካህን ሁሉ ይህን ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ጀማሪን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ።

ፊተኛው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ብርሃን ሲያንስ የካሜራው መዝጊያ ቈይቶ ይዘጋልና ፊደሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ፥ ከተነካ ከ2 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሣ ይደረግ።

ሁለተኛው ፍላሽ ነው፤ በገጹ ላይ አብረቅርቆ ንባቡን ይሸፍናል። ከጎን የሚገባ የመስኮት ብርሃን ይሻላል።

ሦስተኛው ማዘንበል ነው፤ የካሜራው መስተዋት ከገጹ ጋራ ትክክል ካልሆነ መስመሩ ይጣመማል።

የተነሣውም በሁለት ስፍራ ይቀመጥ፤ የማይነበብ ሥዕል እንዳልተነሣ ይቈጠራልና፥ ብራናው ሳይታጠፍ እያንዳንዱ ገጽ በዚያው ይመርመር።