ግራፊክስ ካርዱ ሲለግም

ሊኑክስ ላይ ፎቶ የሚያስተካክል ሰው ዳርክቴብልን ሳያውቅ አይቀርም። በ2009 የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ካሜራው ያወጣውን ሮው ፋይል አይነካም፤ የተደረገውን ማስተካከያ ለብቻው እየመዘገበ ምስሉን በየጊዜው እንደ አዲስ ያሰላል። ለፕሮሰሰሩ ይህ ከባድ ጭነት ነው። በተለይ ኖይዝ ማጥፊያው በርቶ ስላይደር በተነካ ቁጥር መጠበቅ ግድ ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ሲያግዝ ግን ለውጡ ከእጅ እኩል ይታያል።

ዳርክቴብል ካርዱን የሚያዝዘው ኦፕን ሲኤል በተባለ መስፈርት ነው። አፕል የጀመረውን ይህን መስፈርት ዛሬ የሚያስተዳድረው ክሮኖስ ግሩፕ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም በ2008 ወጥቷል። መስፈርቱ አንድ ይሁን እንጂ ትእዛዙን ለካርዱ የሚያደርሰው ድራይቨር በየአምራቹ ይለያያል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በጣም የሚያደክመው ደግሞ ብልሽቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ድራይቨሩ ሲከዳ ዳርክቴብል አይቆምም፤ ስሌቱን ወደ ፕሮሰሰሩ መልሶ ይቀጥላል። ፎቶው በትክክል ይወጣል፣ ሥራው ብቻ ይንቀራፈፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ከንቱ ልፋት ነው።

ፍለጋው ከታች ቢጀመር ይሻላል። ሲኤል ኢንፎ የተባለችው ትንሽ መሣሪያ ተርሚናል ላይ ስትጠራ፣ ለኦፕን ሲኤል የሚታዩትን ካርዶች በሙሉ ትዘረዝራለች። ካርዱ እዚያ ከሌለ ዳርክቴብልን መነካካት ዋጋ የለውም። ያኔ የሚታየው በኢቲሲ ሥር፣ ኦፕን ሲኤል ውስጥ ያለው ቬንደርስ ፎልደር ነው። እዚያ የሚቀመጡት ፋይሎች የሚጫነውን ላይብረሪ ስም ብቻ የያዙ አጫጭር ጽሑፎች ናቸው። ፎልደሩ ባዶ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨሩ የስክሪን ክፍል ተጭኖ የስሌቱ ክፍል ቀርቷል ማለት ነው።

የኤንቪዲያ ካርድ ባለቤቶችን የሚያታልለው ስሊፕ ነው። ላፕቶፑ ሲነቃ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ቪዲዮም ያጫውታል፣ ስሌት ግን እምቢ ሊል ይችላል። ኤንቪዲያ ዩቪኤም የተባለውን የከርነል ሞጁል አውርዶ መልሶ መጫን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ካልሆነ ሪስታርት ነው።

ኤኤምዲ ዘንድ መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የኩባንያው የራሱ ሮክኤም ሲሆን፣ በይፋ የሚደግፋቸው ካርዶች ውስን ናቸው፤ ተጠቃሚው ሬንደር በተባለው ግሩፕ ካልተመዘገበም ካርዱ እያለ እንደሌለ ይሆናል። ሁለተኛው ሜሳ የተባለው የክፍት ኮድ ድራይቨሮች ስብስብ ነው። በውስጡ የነበረው የድሮው የኦፕን ሲኤል ድራይቨር፣ ክሎቨር፣ ምስል የመያዝ ብቃት ስለጎደለው ለዳርክቴብል አይበጅም ነበር። በ2022 ከሜሳ 22.3 ጋር የወጣው ረስቲክል ግን ይህን ክፍተት ሞልቷል፤ እኔም ለአሮጌ ራዲዮን ካርድ መጀመሪያ እሱ እንዲሞከር እመክራለሁ። ብዙዎቹ እትሞቹ ረስቲክል ኢኔብል በተባለው ቫሪያብል ካልተፈቀደላቸው ካርዱን አያሳዩም።

ሲኤል ኢንፎ ካርዱን እያሳየች ዳርክቴብል ካልተጠቀመበት፣ ፕሮግራሙን ከተርሚናል በዲበግ አማራጭ ማስነሳት ነው፤ ካርዱን የጣለበትን ምክንያት ይጽፋል። ድራይቨር ከታደሰ በኋላ ለሚመጣ እክል ደግሞ ከካሽ ፎልደሩ ውስጥ ለካርዱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ኮድ መሰረዝ ይረዳል። ዳርክቴብል በሚቀጥለው ሲከፈት ለአዲሱ ድራይቨር እንደገና ያዘጋጀዋል፤ የዚያን ጊዜ መዘግየት ብልሽት አይደለም።