ንብን የሚፈጅ መርዝ ከገበያ እንዳትገዙ



ማርና ሰም ይዛችሁ ከአውቶቡስ ተራ ወርዳችሁ መርካቶ ስትገቡ፣ ያመጣችሁትን ሸጣችሁ ለቤት የሚያስፈልገውን ትሸምታላችሁ። ከሸመታውም አንዱ የተባይ መርዝ ነው። እንግዲህ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት ወይም በውሃ መያዣ ፕላስቲክ የተቀዳ ፈሳሽ «ማላታይን ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ቢገጥማችሁ አትግዙት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መርዝ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ደግሞስ ጽሑፍ የሌለበት ዕቃ ምን እንደያዘ፣ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ማን ያውቃል?

በዚያው በ2002 ዓ.ም. ለንብም አዋጅ ወጥቶላታል፤ ይኸውም የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ነው። «ዝንብ ለምታህል ፍጥረት አዋጅ ይወጣልን?» የሚል ሰው ቢኖር የኑግ ማሳውን ይመልከት። ኑግ በገዛ ራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል አበባ ብናኝ ሊደርሰው ያስፈልጋል። ይህንንም ይበልጡን የምታደርሰው ንብ ናት። ስለዚህ ኑግ በሚያብብበት ወራት ንቡን የፈጀ ገበሬ ማሩን ብቻ ሳይሆን ዘይቱንም ያጣል።

አበባ ባወጣ ሰብል ላይ መርዝ አትርጩ። ግድ የሆነ እንደሆነ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ንቢቱ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ ወደ ምሽት ይረጭ። ቀፎ ላለው ጎረቤትም ከዋዜማው ይነገረው። ዱቄት መርዝ ከፈሳሹ ይከፋል፤ በንቢቱ ጠጉር ላይ ተጣብቆ ከአበባው ብናኝ ጋር ቀፎ ውስጥ ይገባና እጩን ጭምር ይጨርሳል። የልማት ሠራተኞችም የመርጫ ቀን ስትቆርጡ በመንደሩ ያለውን ቀፎ አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ባዶውን የመርዝ ጀሪካን ለቆራሌው አትስጡት፤ ምናለሽ ተራ ደርሶ የዘይት መያዣ ሆኖ ይመለስባችኋልና።

ሌላው ክፉ ልማድ ለጅብ ብሎ በሞተ ከብት ላይ መርዝ መነስነስ ነው። ጅቡ በሌሊት ሳይመጣ ጥንብ አንሳው በቀን ይቀድመዋል። በ2011 ዓ.ም. በቦትስዋና አገር መርዝ በተደረገባቸው ሦስት የዝሆን ሬሳዎች ብቻ ከ530 የሚበልጡ ጥንብ አንሳዎች አልቀዋል። በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ከብት የሞተባችሁ እንደሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ በረቱንም በእሾህ አጥብቃችሁ እጠሩ።