ጿሚም ፍስከኛም አብረው እንዲበሉ፦ የቺካጎ የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች በየሰፈሩ

ከማኅበራችን ስብሰባ በኋላ «የት እንብላ?» ሲባል ግማሹ ሰው «ሜክሲኮ!» ይላል። ዋጋው ይቀምሳል፣ ያቃጥላል፣ በእጅ ይበላል። ግን ከመካከላችን ጿሚ አለ፤ አሳማ የማይነካ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አብራን ወጥታ የሎሚ ጭማቂ ብቻ ጠጥታ ተመለሰች። እኔ ሰፈር የምመርጠው አብሮኝ የሚበላውን ሰው አይቼ ነው።

ፒልሰን በፒንክ ላይን ባቡር 18ኛው ጎዳና ላይ ይወረዳል። ስሙ የቼክ ነው፤ ቀድመው የሰፈሩት እነሱ ነበሩ። ሜክሲኮአውያን የበዙት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ አጠገቡ ያለው ሰፈር ለአውራ ጎዳናና ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግንባታ ሲፈርስባቸው ነው። ሰፈሩ የሚታወቀው በካርኒታስ ነው፤ በገዛ ስቡ ቀስ ብሎ የሚበስል፣ በፓውንድ የሚሸጥ የአሳማ ሥጋ። ካርኒታስ የሚሠራ ወጥ ቤት ውስጥ ስብ ሞልቷል፤ ቦሎቄውም በዚያው ሊጠበስ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጾም ቀን «ሩዝና ቦሎቄ» ብለን ስናዝዝ የተገላገልን ይመስለናል። ተፈጭቶ የሚጠበሰው ቦሎቄ ግን በባህላዊ አሠራሩ ማንቴካ፣ ማለትም የአሳማ ስብ፣ ይገባበታል። ቀዩ ሩዝ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይበስላል። የስንዴው ቶርቲያም ስብ ሊኖረው ይችላል። የበቆሎው ይሻላል፤ በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ነው። (ነርሲንግ ስለምማር ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ በቆሎው በኖራ ሲቀቀል ቫይታሚን ቢ3 ለሰውነት ይለቀቃል። ያለ ኖራ በቆሎን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ይሠቃዩ ነበር።)

ስለዚህ አስተናጋጁን «ሎስ ፍሪሆሌስ ዬባን ማንቴካ?» በሉት፤ ቦሎቄው የአሳማ ስብ አለው ወይ ማለት ነው። ስለ ሩዙ ደግሞ «ካልዶ ዴ ፖዮ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቬጂቴሪያን ነው?» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አይብና ክሬም ይዞላችሁ ይመጣል። በሁዳዴ ሰሞን «ኩዋሬስማ» የሚል የምግብ ዝርዝር ብታዩም አትቸኩሉ። የካቶሊኮች ጾም አይብና እንቁላል አይከለክልም፤ ዓሣና ሽሪምፕም ይበላበታል።

ለጿሚ ሊትል ቪሌጅን እመርጣለሁ። 26ኛው ጎዳና ላይ ትልቁን ቅስት በር አልፋችሁ ስትገቡ ታኬሪያው፣ ዳቦ ቤቱ፣ የመንገድ ላይ ሻጩ ብዙ ስለሆነ አንዱ ቤት «ማንቴካ አለው» ቢላችሁ ቀጣዩ ጥቂት እርምጃ ነው። «ኖፓሌስ» የሚል ካያችሁ የበለስ ቅጠል ነው፤ እሾሁ ተነስቶ የሚጠበስ ወይም የሚቀቀል። በለስ አገራችን የገባው ከሜክሲኮ ምድር ነው፤ እኛ ፍሬውን ስንወድ እነሱ ቅጠሉንም አልተዉትም። ከአይብና ከክሬም ውጭ በበቆሎ ቶርቲያ አዝዙት። የተጠበሰ በቆሎ ከመንገድ ስትገዙም «ሲን ማዮኔሳ፣ ሲን ኬሶ» በሉ፤ ማዮኔዙም አይቡም ይቀራል።

አሳማ ለማይበሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «አል ፓስቶር» ቆሞ የሚሽከረከር ሥጋ ስለሆነ ሻዋርማ ይመስላል። ዘዴውን ሜክሲኮ ያስገቡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው፤ ሥጋው ግን አሳማ ነው።

በፍስክ ቀን አርቸር ሃይትስ ድረስ መሄድ አያስቆጭም። ፑላስኪ ጎዳና ላይ ያለው ቢሪየሪያ ሳራጎሳ የሚታወቀው በሃሊስኮ ዓይነት የፍየል ሥጋ ነው። ፍየል ስለሆነ ብቻ ሐላል ነው ማለት እንዳልሆነ ሙስሊም ጓደኞቼ ያውቁታል፤ አራረዱን መጠየቅ ነው።

ወላጆች ለምረቃ ሲመጡ ሪቨር ኖርዝ ያለው፣ ሪክ ቤይለስ በ1987 የከፈተው ፍሮንቴራ ግሪል አለ። በተማሪ ኪስ አይሞከርም፤ ሒሳቡን አባባ ይክፈሉ።

ሰሜን ላይ፣ ሮጀርስ ፓርክ ውስጥ፣ ክላርክ ጎዳና ላይ ታኬሪያ ሞልቷል። ጥቅሙ ኤጅዋተር ብሮድዌይ ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙ አለመራቁ ነው። የማንቴካው መልስ በየቤቱ «ሲ» ከሆነ፣ ፍስከኛው ታኮውን በከረጢት ይዞ ሁላችንም በአውቶቡስ ወደዚያ እንወርዳለን፤ ጿሚው በየዓይነቱን ያዝዛል።